ማዕድን የወጣበትን መሬት ወደ ምርት መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መሬትን ወደ ምርት መመለስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ማዕድን ለማውጣት የተቆፈረ፣ ድንጋይና አፈር የተከመረበት ወይም ዝቃጭ (ማዕድኑ ተፈጭቶ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጭቃ) የተጠራቀመበት መሬት እንደገና ሰብል፣ ግጦሽ፣ ደን ወይም ሌላ የታወቀ ጥቅም እንዲሰጥ ማድረግ ማለት ነው። ሥራው የመሬቱን ቅርጽ አስተካክሎ እንዳይንሸራተት ማድረግን፣ ለጎርፉ መውረጃ ማበጀትን፣ ሥር የሚይዝበትን አፈር መመለስንና ዕፅዋቱ እስኪጸኑ ድረስ መከታተልን ያጠቃልላል።

እንደ ነበረ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም። በአስር ሜትሮች ጥልቀት የተገለበጠ የአለት ንብርብር በነበረበት ቅደም ተከተል አይደረደርም፤ የደረቀ ምንጭም በቀድሞው ቦታ ላይፈልቅ ይችላል። ስለዚህ መመዘኛው መሬቱ ለባለቤቱ ወይም ለተጠቃሚው ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ያህል ጥቅም የተለየ ድጎማ ሳያስፈልገው መስጠት መቻሉ ነው።

ጉድጓዱን ደፍኖ ሣር ማብቀል አይበቃም?

አይበቃም። በቂ ማዳበሪያና አንድ ጥሩ ክረምት ካገኘ ሣር በተፈጨ ድንጋይ ላይም ሊበቅል ይችላል። የማዳበሪያው ኃይል ሲያልቅ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ መሳሳትና መቢጨት ይጀምራል። በዚያ ጊዜ አንድ ጉንድ ሣር ነቅሎ ሥሩን ማየት ብዙ ያስረዳል፤ ሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ወደ ጎን የታጠፈና እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ከሆነ ከበታቹ ያለው ነገር ገና አፈር አልሆነም። ከሩቅ የሚታይ አረንጓዴነት ለፎቶግራፍ ይበቃ ይሆናል፤ ለእርሻ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሥራው መጀመር ያለበት መቼ ነው?

ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት። ይህ መልስ ብዙ ሰዎችን ያስገርማል፤ ነገር ግን ማዕድኑ ካለቀ በኋላ ለማረም እጅግ የሚከብዱት ስህተቶች የሚፈጸሙት ቡልዶዘሩ በገባበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ለሙ የላይኛው አፈር ከታችኛው ጋር ከተደባለቀ፣ ወይም አሲድ የሚያመነጭ ሰልፈር ያለበት ድንጋይ ከሌለበት ሳይለይ አንድ ላይ ከተከመረ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ከቁፋሮ በፊት መመዝገብ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የአፈሩ ዓይነትና ጥልቀት በየቦታው፣ የአሲድነቱ መጠን፣ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ጥራት፣ በሄክታር ይገኝ የነበረው ምርት፣ የነበሩት ዛፎችና ሣሮች በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው። ይህ መዝገብ ከሌለ በኋላ የሚነሣው ክርክር ሁሉ የትዝታ ክርክር ይሆናል፤ በትዝታ ክርክር ደግሞ ገበሬው ብዙ ጊዜ ተረቺ ነው።

የላይኛው አፈር ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ለምንድን ነው? እንዴትስ ይቀመጣል?

የሰብል ምግብ፣ ውሃ የሚይዘው ብስባሽ፣ ጥቃቅን ነፍሳት፣ የፈንገስ ድርና ተኝተው ያሉ ዘሮች በብዛት የሚገኙት ከላይኛዎቹ ሃያና ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲህ ያለ አፈር በተፈጥሮ እስኪፈጠር ብዙ ጊዜ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በአንድ ሄክታር ላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር የላይኛ አፈር ማለት 2,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህ ከጠፋና ከሌላ ቦታ ይምጣ ከተባለ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና 125 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ያ አፈር የሚነሣበት ሌላ መሬት ደግሞ በተራው ይራቆታል።

ስለዚህ የላይኛው አፈር በደረቅ ወቅት ለብቻው ተገፍፎ፣ ከታችኛው ተለይቶ ይቀመጣል። ክምሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል፤ ከፍ ባለ ክምር ውስጥ አየር ስለማይገባ መሐሉ ይታፈናል፣ ነፍሳቱም ይሞታሉ። በላዩ ሣር ወይም ጥራጥሬ ይዘራበታል፤ የዝናብ መውረጃም ይበጅለታል፤ ከባድ መኪናም አይመላለስበትም። የታፈነ ክምር ሲቆፈር ከመሐሉ የሚወጣው አፈር ግራጫ መልክና የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ጠረን ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭራሽ አለማከማቸት ነው። ከ1963 ጀምሮ ቦክሳይት (የአሉሚኒየም ማዕድን) በሚወጣበት በምዕራብ አውስትራሊያ የጃራ ደን፣ ከአዲሱ ቁፋሮ የተገፈፈው የላይኛ አፈር በተቻለ መጠን በቀጥታ ተወስዶ ቁፋሮው ባለቀበት ቦታ ይነጠፋል። በአፈሩ ውስጥ የተኙት የአገሬው ዕፅዋት ዘሮች ሳይሞቱ ስለሚደርሱ በችግኝ ጣቢያ ለማራባት እጅግ የሚያስቸግሩ ዝርያዎች ራሳቸው ይበቅላሉ።

የላይኛው አፈር አስቀድሞ ጠፍቶ ከሆነስ?

አፈርን መሥራት ይቻላል፤ ዋጋውና ጊዜው ግን ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል፣ ነጭ ሸክላ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የኤደን ፕሮጀክት የዕፅዋት ማዕከል የሚያስፈልገውን ከ80,000 ቶን በላይ አፈር ያገኘው ከማዕድን ማውጫዎች የተረፈ አሸዋና ሸክላ ከብስባሽ ጋር በማደባለቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዕፅዋትና ነፍሳት አፈሩን እንዲሠሩት መተው ነው። በኬንያ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን በባምቡሪ፣ ለሲሚንቶ የሚሆን የኮራል ድንጋይ ከወጣ በኋላ የቀረው ጨዋማ ውሃ የቀረበው ራቁት ነጭ አለት ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የእርሻ ባለሙያ ሬኔ ሃለር በ1971 ሥራውን ሲጀምሩ 26 የዛፍ ዝርያዎችን ሞከሩ፤ የጸደቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ሸውሸዌ ነው። ሸውሸዌ በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ጨውም ይችላል። ሆኖም የረገፈው መርፌ መሳይ ቅጠል ሳይበሰብስ ተከመረ። ችግሩ የተፈታው እግረ ቀይ ሺ እግሮች ወደ ቦታው ሲገቡ ነው፤ እነዚህ ደረቁን ቅጠል እየበሉ በኩሳቸው ወደ ጥቁር ብስባሽ ለወጡት። ዛሬ በዚያ አለት ላይ ደን ቆሟል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ችግኝ መትከል የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው፤ የሚረግፈውን ቅጠል የሚበላ ነፍስ ከሌለ አፈር አይወለድም።

አፈሩ ተመልሷል፣ ዝናብም አለ፤ ታዲያ ሰብሉ ለምን ይቀጭጫል?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መጠቅጠቅ ነው። አሥርና መቶ ቶን የሚመዝኑ ማሽኖች አፈሩን ሲገፉ፣ ሲያስተካክሉና ሲመላለሱበት በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ይጨመቃል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሸክላማ አፈር ከ1.5 ግራም ገደማ፣ አሸዋማው ደግሞ ከ1.8 ግራም በላይ ሲመዝን የአብዛኛው ሰብል ሥር መግባት ይሳነዋል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይተኛል፣ ዝናቡ ባቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሰብሉ ይጠወልጋል። ገበሬው በአንድ ዓመት ጎርፍም ድርቅም ያያል።

በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ይህ ስህተት በሰፊው ታይቷል። በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች የቆረሱትን ተራራ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ እነሱም እንዳይናድ በመፍራት ተዳፋቱን ደጋግመው ጠቀጠቁት፣ በላዩም ቶሎ የሚሸፍን ሣር ዘሩ። መሬቱ አልተናደም፤ ነገር ግን ደን የነበረው ቦታ ዛፍ የማያበቅል የሣር ሜዳ ሆነ። ከብዙ ዓመት ሙከራ በኋላ አሁን የሚመከረው ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚሆነውን የላይኛ ክፍል ሳይጠቀጥቁ ልል አድርጎ መተው ነው። ያልተስተካከለና ጎርበጥባጣ መሬት ለዓይን አያምርም፤ ለዛፍ ሥር ግን የሚመቸው እርሱ ነው።

አስቀድሞ የተጠቀጠቀ መሬት በቡልዶዘር ጀርባ በሚገጠም ረጅም የብረት ጥርስ በጥልቀት ይሰነጠቃል። ይህ የሚሠራው አፈሩ ደረቅ ሲሆንና መስመሩ የተዳፋቱን ወገብ ተከትሎ ሲሄድ ነው። በእርጥብ አፈር ላይ ከተሠራ ብረቱ እንደ ቢላ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጎኑን ይለስነዋል እንጂ አያፈርሰውም። ቁልቁል ከተሠራ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር የነገ ቦረቦር ይሆናል።

በመጀመሪያ ምን ይዘራ?

ለገበያ የሚሆነውን ሰብል በመጀመሪያው ዓመት መዝራት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። በጀርመን የራይን አካባቢ ሊግናይት (ቡናማ የድንጋይ ከሰል) ከወጣበት በኋላ ወደ እርሻ የሚመለሰው መሬት ሁለት ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ለም ደለል ይለበሳል፤ ከዚያም ለሦስት ዓመት አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ይዘራበታል። አልፋልፋ ሥሩን በጥልቀት እየሰደደ አፈሩን ይከፍታል፣ ናይትሮጅንም ይጨምራል። መሬቱ ለገበሬዎች የሚተላለፈው በአጠቃላይ ሰባት ዓመት ገደማ ከታረሰ በኋላ ነው። እንዲያ ያለ ለም ደለል ባለበት አገር እንኳ ሰባት ዓመት የሚጠበቅ ከሆነ፣ ድንጋያማ መሬትን በአንድ ክረምት አስረክባለሁ የሚል ሰው በጥንቃቄ መጠየቅ አለበት።

ዛፍ የሚተከል ከሆነ ብርቱ ሣር አብሮ አለመዝራት ይሻላል፤ ሣሩ ችግኙን ውሃና ብርሃን ይነጥቀዋል፣ የአይጥ መደበቂያም ይሆናል።

በጠቅላላው ስንት ዓመት ይፈጃል?

የአፈር ሥራው በወራት ያልቃል። ግጦሽ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ እርሻ ወደ አሥር ዓመት፣ ደን ደግሞ የሰው ዕድሜ ያህል ይጠይቃል። በካናዳ ሳድበሪ የመዳብና የኒኬል ማቅለጫዎች ጭስ ያቃጠለውንና ያጠቆረውን ኮረብታ የማልማት ሥራ የተጀመረው በ1978 ነው፤ ሰዎች ኖራ በከረጢት ተሸክመው ቋጥኙን እየወጡ በእጅ በተኑ፣ ቀጥሎም ሣርና ዛፍ ተከሉ። አሥር ሚሊዮንኛው ችግኝ የተተከለው በ2022 ነው፤ ሥራውም አላለቀም። የ1977ቱ የአሜሪካ ሕግም ጊዜውን ከዝናብ ጋር ያያይዘዋል፤ ዓመታዊ ዝናቡ ከ660 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት ቦታ ኩባንያው ለዕፅዋቱ መጽናት አምስት ዓመት፣ ከዚያ በታች በሆነበት ደግሞ አሥር ዓመት ኃላፊነት አለበት።

ከማዕድን ማውጫው የሚወርደው ውሃ ለምን የዛገ መልክ ይኖረዋል? ለመሬቱስ ምን ያመጣል?

ብዙ የወርቅ፣ የመዳብና የድንጋይ ከሰል ክምችቶች ፒራይት የሚባል የብረትና የሰልፈር ውሁድ አላቸው። ፒራይት ከመሬት በታች ተዘግቶ ሳለ ጉዳት የለውም። አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድና የተሟሟ ብረት ይፈጠራሉ፤ ባክቴሪያዎችም ሂደቱን እጅግ ያፋጥኑታል። አሲዱ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየምና ሌሎች ብረታ ብረቶችን ከአለቱ አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ውሃው ሲረጋጋና አሲድነቱ ሲቀንስ ብረቱ ዝጎ በወንዙ ድንጋዮች ላይ ብርቱካናማ ቅባት ሆኖ ይጋገራል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይለበጣል፣ በጠጠሩ መካከል የሚኖሩ ነፍሳትም ያልቃሉ። በስፔን የሪዮ ቲንቶ ወንዝ፣ በአካባቢው ለሺህ ዓመታት ማዕድን የወጣበት፣ ዛሬም ቀይና እጅግ አሲዳማ ነው።

መጠኑን በስሌት ማየት ይጠቅማል። ከክብደቱ አንድ በመቶ የፒራይት ሰልፈር ያለው ድንጋይ የሚያመነጨውን አሲድ ለማክሸፍ በአንድ ቶን ወደ 31 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ዓይነት ቁልል 16,000 ቶን ገደማ ቢመዝን፣ የሚጠይቀው ኖራ 500 ቶን ነው። በላዩ ላይ ጥቂት ኩንታል ኖራ በትኖ ሰብል መጠበቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያታልል ይሆናል፤ አሲዱ ግን ከታች መፈጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከመጀመሪያው ለይቶ፣ አየርና ውሃ በማያስገባ ሸክላ ወይም በማይለዋወጥ የውሃ ንብርብር ሥር መቅበር ነው።

በተመለሰ መሬት ላይ የበቀለ እህልና አትክልት ለምግብ ይሆናል?

እንደ ማዕድኑ ዓይነት ይለያያል። ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም ሸክላ ብቻ የወጣበት መሬት አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ወርቅ በወጣበት ግን ሳይመረመር መመገብ አይገባም። ሰብሉ ለምለም መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ካድሚየም ተክሉን ሳይጎዳ በቅጠሉና በእህሉ ውስጥ ሊከማች ይችላል። በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ዳር ከዚንክ ማዕድን የወረደ ካድሚየም የሩዝ ማሳዎችን በክሎ አጥንት የሚያለሰልስ ከባድ በሽታ አስከትሏል፤ መንግሥት ምክንያቱን በይፋ የተቀበለው በ1968 ነው። ከ800 ሄክታር በላይ ማሳ አፈሩ ተቀብሮ በንጹሕ አፈር የመሸፈኑ ሥራ የተጠናቀቀው በ2012 ነበር።

ቅጠላ ቅጠል ካድሚየምን ከብዙ ሰብሎች ይበልጥ ይስባል፤ ፍሬው የሚበላ ተክል ባብዛኛው ያነሰ ይይዛል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ካድሚየምና ዚንክ ይበልጥ ስለሚሟሙ ኖራ መጨመር ይረዳል፤ አርሴኒክ ግን በኖራ ላይበርድ፣ እንዲያውም ሊባባስ ይችላል። ምርመራው አፈሩን ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ክፍል ራሱን ይጨምር። ጥርጣሬ ካለ ለቃጫ፣ ለማገዶ ወይም ለግንባታ እንጨት የሚሆን ተክል መትከል የተሻለ ነው።

ወርቅ በእጅ የሚቆፍሩ ሰዎች የተዉት የጉድጓድ መንጋስ?

እነዚህ ቦታዎች ትናንሽ ስለሆኑ ይናቃሉ፤ ብዛታቸው ግን ሰፊ መሬት ይሸፍናል። ጉድጓዶቹ ከብትና ሕፃን ይገድላሉ፤ ውሃ ሲያቁሩም የወባ ትንኝ ይራባባቸዋል። ከመደፈኑ በፊት ወርቁ በሜርኩሪ የታጠበበትና ድንጋዩ የተፈጨበት ቦታ ተለይቶ መመርመር አለበት፤ አለዚያ የተበከለው ደለል በማሳው ሁሉ ይበተናል። በናይጄሪያ ዛምፋራ በ2010 ወርቅ ያለበት ድንጋይ በመንደር ውስጥ ሲፈጭ የተነሣው የእርሳስ ብናኝ ቢያንስ 400 ሕፃናትን ገድሏል፤ ግቢዎቹ ለመኖሪያ የተመለሱት የላይኛው አፈር ተፍቆ በንጹሕ ከተተካ በኋላ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሥራ ለማኅበረሰቡ አቅም የቀረበ ነው፤ ጥልቁን በድንጋይ፣ የላይኛውን በአፈር መሙላት፣ እርከን መሥራት፣ ከብት ማገድ፣ ጥራጥሬ መዝራት።

ጥልቁን ጉድጓድ ሐይቅ ማድረግስ አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። በምሥራቅ ጀርመን የዘንፍተንበርግ ሐይቅ የቀድሞ የሊግናይት ጉድጓድ ነው፤ ከ1967 እስከ 1972 በውሃ ተሞልቶ ዛሬ መዋኛና መዝናኛ ሆኗል። ነገር ግን የከርሰ ምድር ውሃ ሲመለስ ልል ቁልልን አርሶ ሊያንሸራትት ይችላል፤ በዚያው አገር በናኽተርሽቴት ሐምሌ 2009 የሐይቁ ዳር ተንዶ ቤቶችን ይዞ ሲወርድ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። የውሃው አሲድነት፣ የዳሩ ጥንካሬና ውሃው የሚመጣበት ወንዝ ሳይጠና ዝናብ ይሙላው ብሎ መተው መፍትሔ አይደለም።

በዝቃጭ ግድብ ላይ ማረስ ይቻላል?

እዚህ ላይ መልሴ ጥብቅ ነው፤ በላዩ የሚበቅለውን ከማሰብ በፊት ግድቡ እንደማይፈርስ ይረጋገጥ። በብራዚል ብሩማዲኞ ጥር 2019 የፈረሰው ግድብ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ዓመታት ያለፉት፣ ፊቱም በሣር የተሸፈነ ነበር፤ 270 ሰዎች አልቀዋል። ውሃው ካልተንጠፈጠፈለት ዝቃጩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ጭቃ ሆኖ ይቆያል። ከተረጋገጠ በኋላም ሽፋኑ ውፍረት ያለው መሆን አለበት፤ ጥልቅ ሥር ያላቸው ዛፎችና ማረሻ ሽፋኑን ስለሚበሱ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ሣር ብቻ ነው።

ወጪው የማን ነው? ኩባንያው ትቶ ቢሄድስ?

ወጪው የቆፈረው ነው። ይህ በተግባር የሚውለው ግን ገንዘቡ ከቁፋሮ በፊት በዋስትና ሲያዝ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ሲያልቅ ገቢው ያልቃል፣ ወጪው ደግሞ ያኔ ይጀምራል። በ1977ቱ የአሜሪካ ሕግ ኩባንያው ዋስትና ሳያስይዝ አይቆፍርም፤ መሬቱ ተደፍኖ ቅርጹ ሲስተካከል እስከ 60 በመቶው ሊለቀቅለት ይችላል፣ የቀረው የሚያዘው ዕፅዋቱ እስኪጸኑ ነው። ከሕጉ በፊት ተትተው ለቀሩት ደግሞ ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ቶን ከሰል ክፍያ ይሰበሰባል። የዋስትናው መጠን መሰላት ያለበት ሥራውን ሌላ ተቋራጭ ቢሠራው በሚጠይቀው ዋጋ ነው፤ ኩባንያው በራሱ ማሽን እሠራዋለሁ በሚለው ርካሽ ሂሳብ ከተያዘ ሲከስር ገንዘቡ አይበቃም።

መሬቱ ታድሷል ተብሎ ሲመለስልን ከመፈረማችን በፊት ምን እንመልከት?

ከነባር ማሳ አንድ ጎረቤት መሬት ለማነጻጸሪያ ይመረጥ። በሁለቱም ላይ ዝናብ ከጣለ ከሁለት ቀን በኋላ ቀጭን የብረት ዘንግ በእጅ ይወጋ፤ በነባሩ ክንድ ያህል ገብቶ በታደሰው ስንዝር ላይ ከቆመ አፈሩ ተጠቅጥቋል። ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ጣሳ መሬት ውስጥ ተተክሎ ውሃ ይሞላ፣ ለመስረግ የወሰደው ጊዜም በሁለቱም ይለካ። ጉልበት ድረስ ጉድጓድ ተቆፍሮ የላይኛው አፈር ውፍረት፣ የትል መኖርና የሥሩ አቅጣጫ ይታይ። ከተዳፋቱ ግርጌ የሚወጣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ጨው የሚተው ውሃ መኖሩ ይፈተሽ፤ የአፈርና የውሃ ምርመራ ውጤትም ከቁፋሮ በፊት ከነበረው መዝገብ ጋር ይቅረብ።

ለእርሻ መሬት ወሳኙ ምርት ነው። የ1977ቱ ሕግ ለተመረጠ ለም የእርሻ መሬት የሚጠይቀው የሦስት ዓመት አማካይ ምርቱ ባልተቆፈረ ተመሳሳይ መሬት፣ በተመሳሳይ አያያዝ ከሚገኘው እኩል መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ይኸው ቃል በርክክብ ውሉ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ ሦስቱም ምርት በገበሬው ፊት ተወቅቶ ይመዘን፣ ዋስትናውም እስከዚያ ድረስ አይለቀቅ።